ካቆመበት ጀምሮ

ታራንቶ ወደብ ላይ፣ ነፋሻ ማለዳ፣
የሰርጓጅ መርከብ ጎን ለኤርሜቴ ሰሌዳ።
ጻፈ፦ «ባልዳሳሬ»፤ የጥንት ኮከብ ቆጣሪ፣
አንገቱ እስኪጣመም ሰማይን መርማሪ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤
ይኼኛው ከባሕር በታች ወርዶ ያድራል።

ጦርነት ሲጀመር አዘዘ አለቃ፦
«ስሙን በጥቁር ሸፍን፤ ቁጥር ካላት በቃ።»
ሸፈነ። ሲደርቅለት በጣቱ ዳሰሰ፤
ፊደሉ እንደ ጠባሳ እጁን ኮሰኮሰ።

እሷ ሄደች።

ራት ቀርቦ ኤርሜቴ ማታ ማታ ይፈዛል፤
ሚስቱ «ሾርባው በረደ» ስትለው፣ «እ?» ይላል።
ባትሪዋን ልትሞላ ሌሊት ብቅ ስትል፣
ክዳኗ ተከፍቶ ነፋስ ሽው ሲል፣
ሽማግሌው ይሆን፣ በጥቁሩ ቀለም ሥር፣
ካቆመበት ጀምሮ ኮከብ የሚቆጥር?