አባት ሳለ

የካሩር ሸማኔ የሙሩጌሳን ልጅ
በበረዶ ቆማለች ከሆስፒታሉ ደጅ፤
ካፖርቷ ሁለተኛ እጅ፤
የካቻምና ምሩቅ በግማሽ ሸጦላት፣
ከኪሱ ውስጥ ያለቀ የአውቶቡስ ትኬትና
የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ መርቆላት።

ስሟ ኢላክያ ነው። ኦሽ ግን ስም ያሳጥራል፤
«ኢላ» ይላታል ዘበኛው፣
የቀረው ጉም ሆኖ ከአፉ ላይ ይበናል።

እንዴት መጣች ብትሉ፦
ፈተናውን አልፋለች፤ ማለፍስ አልፋለች፤
ለመንግሥት ወንበር ግን በአሥራ አንድ ነጥብ ቀርታለች።
የግሉ ኮሌጅ ዋጋ በወረቀት ሲመጣ
አባቷ ገለበጠው፣ ጀርባውን አገላብጦ አየ፣
ከወዲያኛው ገጽ በኩል ቅናሽ ካለ ብሎ፤
ባዶ ነው። መለሰው፣ እንደ ጨርቅ ጠቅልሎ።

ከዚያ ደላላው መጣ፤ ሽቶው ቀድሞት ገባ።
«ስድስት ዓመት ነው፤ ርካሽ ነው፤ ማደሪያው ሙቀት አለው፤
ሩዝ የሚቀቅል የአገራችሁ ሰው ከኩሽናው አለ፤
በረዶው? እሱማ ለፎቶ ያምራል» አለ።
ስለ ሩስኛ አላለም።
ዲግሪዋን ይዛ አገሯ ስትገባ
ሌላ ፈተና በር ላይ እንደሚጠብቃት አላለም።

ሙሩጌሳን ካሉት ስድስት መሸመኛ
አራቱን ሸጠና፣ «ሁለት ይበቃኛል፤
እጄስ ቢሆን ስንት ነው?» ብሎ ሳቀ፤ ተኛ።
አልተኛም።

እዚህ፣
አጥንቱን በእንግሊዝኛ፣
ደረሰኙን በሩስኛ፣
ሕመሙን በኪርጊዝኛ፣
የድንችና የሽንኩርቱን ክርክር በኡዝቤክኛ ትማራለች፤
መራቡን ብቻ በታሚል ትራባለች።

አራተኛ ዓመቷ፣ የሳንባ ክፍል፣ አልጋ ዘጠኝ፤
ቡሩልካን የሚሏት አሮጊት «ነይ» አለቻት፣ «አድምጭኝ።
‹ጆቶል› በይ።»
«ጆቶል» አለች። ሳል ማለት ነው።
«አባትሽ ስንት ከፈለ፣ የኔን ደረት ልትሰሚ?»
ነገረቻት።
አሮጊቷ በጣቷ ቆጠረች፤ ገንዘቡን በበግ መነዘረች፤
በጎቹ ከሜዳው ተርፈው ተራራ ሲወጡ አየችና
«እንግዲያው» አለች፣ «ደህና አድርገሽ ስሚ!»

ሰማች። ደረቁን ከእርጥቡ፣
የጢሱን ሳል ከጥጥ ብናኙ፣
እሑድ አርፎ ሰኞ የሚያገረሸውን
ዓመት ሙሉ ስትለይ ከረመች።

እሑድ ማታ ደወለች።
«በላሽ?»
«በላሁ።»
«በረዶውስ?»
«ለፎቶ ያምራል።»
ከማዶ አንድ ነገር ተሰነጠቀ፣
ደረቅ፣ ሦስት ጊዜ፣ በመዳፍ የታፈነ።
«ማሽኑ ነው» አለ አባቷ።
እሑድ ነው። ማሽኑ ቆሟል።
ሁለቱም ያውቃሉ።
«አፓ፣ ሰኞ ሰኞ ጠዋት
ደረትህን እንደ ገመድ ጠፍሮ ይይዝሃል?»
ዝም አለ። ዝምታም ሒሳብ አለው፤ ካርድ ይበላል።
«ይሄንንም» አለ በመጨረሻ፣ «እዚያ ነው ያስተማሩሽ?»
«አዎ።»
«ታዲያ ርካሽ ነው» አለ። «አልተወደደብንም።»
ኩራቱ ሳይጨርሰው ሳሉ ነጠቀው።

አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀንበር ሳለ ሩጥ፣ የሚል ተረት አለ፤
እሷ አታውቀውም፤ ተረቱ የእኔ አገር ነው።
ግን ያን ማታ፣ ከኦሽ ማደሪያ መስኮት ሥር፣
ጠብቃ ስትነበብ የኖረች አንዲት ቃል
ላላች፦
አባት ሳለ።

ሰኞ ማለዳ፣ ገና ሳይነጋ፣
ገመድ ላይ ያደረው ጋዋኗ እንደ ቆርቆሮ ደርቆ ቆሞ ነበር።
በጉልበቷ አጠፈችው። ተንኮሻኮሸ።
ለበሰችው፤ ቀዝቅዞ፣ ነጭ ሆኖ፣ ትንሽ ሰፍቷት፤
ያላት ጌጥ እሱ ነው።
ከዚያ ወደ አልጋ ዘጠኝ ሮጠች።