ጉልበት

እኔ በያጅ ነኝ።
የግቢ በር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ የውሃ ታንከር ማስቀመጫ፤
ኮዬ ፈጬ ጫፍ፣ አስፋልቱ አልቆ
ዋልካው ከሚረከብበት።
እግር ስሠራ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው።

አያንቱ በሐምሌ መጣች፣
ላፕቶፗን በፌስታል ጠቅልላ።
«አራት እግር በይድልኝ» አለችኝ፣
«የሚሄድ።»
«የወንበር ነው?» አልኳት።
አልሳቀችም።

በየድኩላት። አርባ በአርባ ቱቦላሬ፣
ቀጥ ያለ፣ ድርቅ ያለ፣ ሰላምታ እንደሚሰጥ ወታደር።
እሷ ሞተር ገጠመች፣ ሽቦ ከሽቦ አገናኘች፣
ሌሊቱን ሙሉ ቁጥር ጻፈችለት፦
ይህን ያህል አንሳ፣ ይህን ያህል እጠፍ፣
ግራው ሲያርፍ ቀኙን ላክ።

ሲሚንቶው ላይ ሄደ፤ ልጆች አጨበጨቡ።
ዋልካው ላይ ሁለት እርምጃ፣
በሦስተኛው እንደ ቁም ሣጥን ተገነደሰ።
ተገልብጦም አየሩን ይረግጣል፣
የታዘዘውን ይፈጽማል፤
መሬቱ እንደሌለ ማን ይንገረው?

ሞተር ጨመረች። ወደቀ።
ቁጥር ጨመረች። ወደቀ፣ አሁንስ በዘዴ።
«ጉልበት አነሰው» አለች።
እኔ በልቤ፦ ጉልበትስ ሞልቶታል፣
ጉልበት ነው የሌለው።

በዚያ ሰዓት ነው የጉርሜሳ አህያ
ከካባው ቁልቁል የወረደችው፣
በጎንና በጎን ሁለት ከረጢት አሸዋ፣
ጉርሜሳ ከኋላ በስልክ እያወራ።
ዐይኗ አጥር ሥር ባለች ሣር ላይ ነው።
የፊት ኮቴዋ አዳለጠ።
ጭንቅላቷ ገና ሣሩ ላይ ሳለ
ቁርጭምጭሚቷ ታጠፈ፣ ጅማቷ ተወጠረ፣
ትከሻዋ ዝቅ ብሎ ክብደቱን ተቀበለ፣
ኮቴዋ ድንጋይ አገኘ።
ሣሩንም ነጨች።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪዬ
«አህያ» ብሎ ነው ያሰናበተኝ፣ ሒሳብ አልገባህ ብሎኝ።
ታዲያ ይህን ሒሳብ ማን ሠራው?
እሷስ ሣር ላይ ነበረች።
ቅልጥሟ ነው የሠራው፣
ጠመም ያለችበት ያቺ ትንሽ ነገር፣
የኮቴዋ ስንጥር፣ የጅማቷ መለጠጥ፤
ሳትወለድ በፊት ተሰልቶ ያደረ።

የኔም ግራ ጉልበት፣ ከአራተኛ ፎቅ የወደቅሁ ጊዜ፣
ወጌሻው «ከዚህ በላይ አይታጠፍም» አለኝ።
እኔ ምንም አልመከርሁ።
ወገቤ ነው ከቀኝ እግሬ ጋር የመከረው፣
ዳሌዬ ነው የተስማማው፣ እኔን ሳይጠይቁ።
አንድ ማታ ቦይ ስሻገር ደረስሁባቸው፦
አዲስ አካሄድ አውጥተዋል።
ሚስቴ በጨለማ በዚያ ነው የምትለየኝ።

ቱቦላሬውን መሀሉ ላይ ቆረጥሁት።
አያንቱ ጮኸች።
የባጃጅ ሞላ ሰካሁበት፣
ከካላማዳሪያ ጅማት ቀድጄ አሰርሁለት፣
ቅልጥሙን እንደዚያችው ወደ ኋላ ጠመም።
«አሁን» አልኳት «የትእዛዙን ግማሽ አጥፊ።»
«የትኛውን ግማሽ?»
እንጃ። ሒሳብ አልገባኝም።

ተነስቶ ሄደ። አያምርም።
ሰካራም ነው የሚመስል፤
ጉርብጥብጡን ሞላው እየጠጣው፣
ጭቃው ሲያሰጥመው እየሰጠመ፣
ድንጋይ ሲገፋው እየተገፋ፣
ቁጥሩ ከኋላ ከኋላ ሲከተል
ልክ እንደ ጉርሜሳ፣
በስልክ እያወራ።

በአሥራ አንደኛው እርምጃ ቦይ ውስጥ ገባ፤
ግን ጉልበቱን አጥፎ፣
መውደቅ እንደለመደ ሰው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል…» አለ ጉርሜሳ፣ ስልኩን ዘግቶ፣
ሳይጨርሰው አህያዋን ነዳ።
እኔ ጨረስሁት ለራሴ፣
ብረቱን ከቦዩ እየጎተትሁ፦
እንቁላሉም እኮ እግሩን
ውስጡ ይዞ ነው የሚጠብቀው።

አያንቱ ጭቃ በጭቃ ሆና
«ስንት ልክፈል?» ትለኛለች።
የሞላውን አልኳት።
ጉልበቱን ተይው።