ሁለት ሣጥን

በለርዊክ ወደብ ላይ ነፋስ በር ሲመታ፣
ላውሪ ቅጹን ገልጧል፣ ከመርከብ መልስ፣ ማታ።
ሁለት ሣጥን አለው፤ «ሞት» ይላል አንደኛው፣
«ጽኑ ሕመም» ይላል ከግርጌ ያለው፤
ደሞዙ ለአንዱ እንጂ ለሁለት አይበቃው።

«ሞቱ ላይ ልፈርም፤
እኔን ባሕር እንጂ አልጋ አይወስደኝም።
አንድ ሌሊት ማዕበል፣ ሁሉም ነገር ያልቃል፤
የቤት ዕዳው ይዘጋል፣ ጣራው ላንቺ ይቀራል።»

ኢንጋ አልመለሰች፤
ጥግ ያለውን ወንበር ዝም ብላ ታያለች።
ክንዱ የተላጠ፣ የአማቷ መቀመጫ፣
ባሕሩ አርባ ዓመት ያጣለት መዋጫ፣
ግማሽ ጎኑ ከድቶት፣
ዘጠኝ ክረምት ሙሉ ቁጭ ብሎ ያለቀበት።
ጀልባው ያኔ ተሸጠ፤ መረቡም ተከተለ፤
ለቀብሩ አልነበረም፤ በቁሙ ሳለ።

ቅጹም ይጠይቃል፦
«አባትዎ ታመው ነበር? በስንት ዓመታቸው?»
«በሃምሳ አንድ» ጻፈ።
እሱ አርባ ዘጠኝ ነው።

«መበለት ብሆን» አለች፣ «ሠርቼ አድራለሁ፤
አንተን አዝዬ ግን ወዴት እሠራለሁ?
ያን የላዩን ሣጥን» — ሳቋ አመለጣት —
«ግድ የለም፣ አናጢ ይሠራዋል ከእንጨት።»

ላውሪ ከታች ጫረ። ወረቀቱ ወዛ፤
እጁ ገና ዓሣ ዓሣ ይላል።