ቦይ ከፋች

«ቢምረው ካሴ!» ተብሎ፣ ስሜ ከበር ተጠራ፤
አባቴ ነው ያወጣው፣ ሦስት ቀብሮ ሲፈራ፤
«ማረው» ሊለኝ አልደፈረም፣ አራተኛው ላይ ደርሶ፣
«ቢ»ን ከፊቱ አስቀደማት፣ ተስፋውን በእሷ ቀንሶ።

ብረት ይስባል ብለውኝ፣ ቁልፌን ለነርሷ ሰጠሁ፤
የቦዩን በር መክፈቻ፣ ሃያ ዓመት በኪሴ የያዝሁ።
ከዚያ ተኛሁ።
ጠባብ ነው። ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ አልናገርም።
ጓ! ጓ! ይላል፤ ያርፋል፤ ድድድ ብሎ ይጀምራል፤
ግንብ ሊጠግን የመጣ፣ ድንጋይ ጠራቢ ይመስላል።
«አትንቀሳቀስ» አለችኝ፣ ልጅቱ ከመስታወት ማዶ።

አስረበብ ነው ስሟ፤ የማራኪ ልጅ።
«ምን ታያለሽ?» አልኋት ወጥቼ፣ ጫማዬን እያሰርሁ።
«ውሃህን» አለች።
«እብጠቱ ውስጥ ሕዋሱ፣ ጥቅጥቅ ብሎ ተጨናንቆ፣
ውሃው መሄጃ አጥቷል፣ ቆሟል ባለበት ታንቆ።
መድኃኒቱ የሠራ እንደሁ፣ እብጠቱ ሳይጎድል ገና፣
ቀድሞ ውሃው ነው የሚያገኘው ጎዳና።»

ሳቅሁ። ለማን ነው የምትነግረው?
እኔ የቀሃን ውሃ፣ ለጥምቀት ወደ ፋሲል መዋኛ የምጠራ፣
ቅጠል የወተፈውን ቦይ፣ በክንዴ የማጠራ፣
ገንዳው ባዶ ሳለ፣ ቀበሌው «መቼ ነው?» ሲል፣
ጆሮዬን ድንጋይ ላይ ጥዬ፣ ሳላየው «መጣ» የምል!

የመዋኛው ግድግዳ ላይ፣ ሥሩን ያጠመጠመው ዋርካም አለ፤
እንግዳ ሁሉ ፎቶ ያነሳዋል፣ «ውበት!» እያለ።
ግንቡን የጠየቀው የለም።
እኔ አሁን አንገቴን ስነካ፣ ግንቡን እጠይቃለሁ።

ሁለት ዙር ጨረስሁ። ጸጉሬ ትራሱ ላይ ቀረ፤
ሽሮው ሳንቲም ሳንቲም አለ። ታኅሣሥም ተጋመሰ።
ቁልፌን ሰጠሁ፤ ተኛሁ፤ ጠራቢው ተመለሰ።

ዶክተር አጃናው ሁለቱን ምስል፣ ጎን ለጎን አድርጎ ቆየ።
ኅዳር ላይ እንደ በረዶ ያበራው፣ ዛሬ አመድ መስሏል።
እጄን ሰደድሁ፤ እብጠቱ እዚያው ነው፣ እንቁላል ያክላል።
«መጠኑ ያው ነው» አለ፤ «ውሃው ግን መላወስ ጀምሯል።
ምልክት ነው እንጂ ምስክር አይደለም። ሦስተኛውን ዙር እንይ።»

ማታ ወደ ቦዩ ወረድሁ። ገንዳው ደረቅ ነው።
በእኔ ፈንታ የቆመው ልጅ፣ «ዛሬም የለም» ይለኛል።
ተንበርክኬ ጆሮዬን፣ ከቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ አኖርሁ፤
ከሩቅ፣ በጣም ከሩቅ፣
ወይ ውሃ ነው፣ ወይ የገዛ ደሜ።
«ቆይ» አልሁት። «አትንቀሳቀስ።»