የስንዝር ተኩል እንጨት

ሃምሳ አለቃ ገለታ፣ ጡረታ የወጡ፣
በሐምሌ ዶፍ መሐል ሱቄ ድረስ መጡ፤
ሄርማታ መርካቶ፣ ከአናጢዎች ተራ፣
ሦስት እግር በርጩማ ከምጠርብበት ስፍራ።
ከካፖርታቸው ሥር በፌስታል ጠቅልለው
አንድ ነገር ሰጡኝ፣ «ቀስ አድርገህ» ብለው።
«ሣጥን ሥራልኝማ፣ የድሮው በስብሷል፤
ማጠፊያው ወላልቆ ምስጥም ቀማምሷል።»

ገለጥኩት። ጥቁር ነው። ስንዝር ተኩል ቁመት፣
እንደ ጉንዳን እግር ቁልፍ የበዛበት።
ከቁልፉ በፊት ግን እንጨቱን አየሁት፤
አሸተትኩት፤ በጥፍሬ አንኳኳሁት፤
ዞቢ ነው፣ የቆላ፣ መጋዝ የሚያዶለዱም፣
ውኃ ላይ ቢጥሉት ድንጋይ ነው፣ አይንሳፈፍም።

«ዋሽንት ናት?» አልኳቸው።
«የለም፣ ፒኮሎ ናት፤
በፖሊስ ማርሽ ባንድ ሃያ ዓመት ነፋኋት።
ከታላቋ ከፍሉት ቁመቷ በግማሽ፣
ድምጿ ግን ስምንት እርከን ሽቅብ ገስጋሽ።
አሥር መለከት ቢጮህ፣ ከበሮ ቢያጓራ፣
ከሁሉም አናት ላይ እሷ ናት ምትበራ።»
«አሁንስ?» አልኳቸው።
አፋቸውን ከፈቱ፤
የፊት ጥርሳቸው የለም፣ የላዮቹ አራቱ።

«እስቲ ሞክር» አሉኝ።
ነፋሁ። ጆሮዬ ጋለና
ዓይኔ ውኃ ሞላ፤
ከእንጨቷ የወጣው ፍስስታ ሆነና
የባጃጅ ጎማ መሰልኩ፣ ያውም የኋላ።
«አትንፋ!» አሉ ቆጣ ብለው።
«ሰጋቱራ ከንፈርህ ላይ ሲያርፍ ምን ታደርጋለህ?»
«ትፍ እላለሁ።»
«ምን ያህል?»
«ትንሽ። ትፍ። እንዲህ።»
«እሷኑ ብቻ ስጣት እንግዲህ፤
ቀዳዳዋ ጠባብ፣ ባቄላ ታህል፤
አንጥረኛ አይደለህ፣ ወናፉን ተው በል!»

«ሣጥኑ በሦስት ቀን ያልቃል» ብያለሁ።
በሦስተኛው ቀን ግን፦
«ጣውላው አልደረቀም፣ ዝናቡ» — ዋሽቻለሁ።
እሳቸውም «ልክ ነው፣ ክረምት ነዋ» አሉና
ከበርጩማው ላይ ተቀመጡ እንደገና።

በብብቴ ሥር ማሞቅ ተማርኩ ከሁሉ ፊት፤
«ብርድ ላይ ያለች እንጨት ሙቅ ትንፋሽ ሲገባት
ትሰነጠቃለች።»
እሱንስ አውቃለሁ፤
ስንት የዋንዛ ገበታ ሲፈነዳ አይቻለሁ።
ቁልፏ ሲጣበቅም የሲጋራ ወረቀት፤
ሲያበቃ በጨርቅና በዘንግ ሆዷን መጥረግ ከእርጥበት።

ጣቶቼ ግን፣ ጣቶቼ! መሮ የለመዱ፣
ሁለት ቁልፍ ባንዴ ነው የሚጫኑት ሲወርዱ።
ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት ድምፅ፣ እሷም አንካሳ፤
ጎረቤቴ ሙስባህ፣ ልብስ ሰፊው፣ ተነሣ፣
ግድግዳዬን በመቀሱ ደበደበ፤
«ምኑን ነው የምታርደው?» እያለ ተሳደበ።
ረዳቴ ሹክሪ ጥጥ ጆሮው ከተተ፣
ሱቄ የሚያድረው ድመት ጓዙን ጎተተ።
ሃምሳ አለቃ ብቻ፣ ዓይን ከድነው፣ ዝም።
ጣታቸው ግን አያርፍም፤
ከጉልበታቸው ላይ የሌለ ቁልፍ ይነካል፤
ያኔ የኔ ይስታል፣ የሳቸው ይለካል።

ጥቅምት ገባ። ጭቃው ደረቀ፣ ጠጠረ፤
አዌቱ ጎደለ፤ ጅሬን ጠርቶ አደረ።
ያን ቀን፣ ሳልጠብቃት፣ ሳልታገላት፣
ትፍ — ሰጋቱራ ያህል ብሰጣት፣
ወጣች! ቀጭን፣ ነጭ፣ እንደ መርፌ ክር፣
ቆርቆሮውን በስታ መርካቶን ስትዞር።
አንድ ባጃጅ ነጂ በጥድፊያ ሲመጣ
የትራፊክ ፊሽካ መስሎት ዳር ያዘ፤
መንጃ ፈቃድ ይዞ ከወንበሩ ወጣ፣
ግራ ቀኙን አየ፣ ማንም የለ፣ ፈዘዘ።

ሃምሳ አለቃ ሳቁ፣ ድዳቸው እስኪታይ፤
እንባ ጠረጉበት ካፖርቱ እጅጌ ላይ።

ሣጥኑ ካለቀ ቆየ፣ ከጳጉሜ ጀምሮ፤
ከፋይ ለብሶ ውስጡ፣ ከቁራጭ ሥር ተቀብሮ።
የጫማቸው ጫፍ ነካው።
አዩት።
ማየታቸውን አየሁ።
ባርኔጣቸውን ደፉ። ከበሩ ላይ ቆመው፣
ያንን የጥቅምት ፀሐይ በእጃቸው ከልለው፣
«ጣውላው ደረቀ ወይ?» አሉኝ።
«ገና ነው።»
«እህ፣ ምን ይደረግ» አሉ፤ «ዝናቡ ነው።»