ከፓራውልቱ ሥር

የካቲት ነው፤ ዊንዘር፤ ወንዙ በረዶ አዝሎ፣
የዲትሮይት መብራት ማዶ ተንጠልጥሎ።
የመኪና ወንበር ከምንሰፋበት ወጥቼ ሊነጋጋ፣
ጓንቴን ሳላወልቅ ከስክሪኑ ስጠጋ፣
መኪናዬ ቆማለች፣ ስልሳ አንድ ቁጥር፣
በኮፈኗ ላይ ሽመላ፣ ባለ አንድ ዐይን፣ ክንፈ ጥቁር።

ሽመላው የእኔ አይደለም፤ የማርሴል አባት ነው፣
ድሮ በጭቃው ሜዳ፣ ቅዳሜ ማታ የነዳው።
ሜዳው ዛሬ የለም፤ መጋዘን ሆኗል፣
ካርቶን በካርቶን ላይ ተደርድሮበታል።
እኔ ግን ከፎቶ፣ ከሽማግሌ ወሬ፣
አጥሩን፣ ጉብታውን፣ ኩርባውን ቀምሬ፣
ሁለት ክረምት ሙሉ፣ ዐይኔ እስኪፈርጥ፣
ሠራሁት ለጌሙ፣ ጭቃው እስኪያዳልጥ።
ሲያልቅ፣ ማንም እንዳያያት፣ ከፓራውልቱ ሥር
አንዲት «ጰ» ጻፍኩበት፣ ከጥፍር የማትበልጥ፣ ለምስጢር።
(ጰንጠሌዎን ነው ስሜ፤ የፈረቃ አለቃዬ
«ፓንት» ይለኛል፤ ትቼዋለሁ፣ ደመወዝ ነው ጉዳዬ።)

በመጋቢት አንድ ሰው፣ ኮርዊን፣ ከቶሊዶ ከተማ፣
ሜዳውን ከነመኪናው ሲቸበችብ ተሰማ፣
በአራት ዶላር ብቻ። የራሱን ዐርማ ደርቦ፣
የሽመላውን ዐይን በነበልባል ከብቦ።
«እኔው ነኝ የሠራሁት» ይላል ያለ ሐፍረት፤
ዐይን አውጣ ሌባ፣ ይሟገታል ከባለቤት።
«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብዬ ፎከርኩበት፣
ማስረጃ ሲጠይቀኝ ጰን አወጣሁበት።
ሳቀ። «እሷማ» አለ «ጭረት መስላኝ ነበር፤
ድንጋይ ነክቶት ቀለሙ ሲሰነጠር።»

ማመልከቻ ስጽፍ፣ ቃላት ስደረድር፣
ደብዳቤ መጣልኝ ከቶሮንቶ፣ ከጠበቆች መንደር፦
«በሜዳው አጥር ላይ የጎማ ድርጅታችን
ዐርማ ተስሎ ይታያል፣ ያለ ፈቃዳችን።
በዐሥር ቀን ውስጥ ይነሣ።»
                    ተነሣሁ። አጥሩን አየሁ።
እውነት ነው፤ ጎማውን፣ ዘይቱን፣ ካንዴላውን ለጥፌያለሁ፣
ሜዳው ሜዳ እንዲመስል፣ ድሮ እንደነበረው።
«ለፍቅር ነው» ብዬ። ኮርዊንም እኮ ይሄንኑ ነው የሚለው።
ይባስ ብሎ ደግሞ (ይሄን ለማርሴል አልነገርኩም)
ለምስልበት ሶፍትዌር አንድም ሳንቲም አልከፈልኩም፤
ቁልፉን የሰበረው ማን እንደሆነ እንጃ፤
ሌባ ፍለጋ ወጥቼ፣ እጄ ሆነ ማስረጃ።

እሑድ ከማርሴል ጋር እናቱ ዘንድ ሄድን፣
የባሏን ሽመላ፣ ፈቃድ ልንለምን።
ኦዴት ሰማንያ ዘጠኝ ሞልቷታል፤ ሰማችን፤
የጓዳዋን መሳቢያ ስባ አወጣችልን
ባዶ ቆርቆሮ፣ የዓሣ፣ ዝገት የበላው።
ሽመላው እዚያው ላይ! ሁለት ዐይን አለው።
«የቆርቆሮው ነው» አለች፤ «ሮላን ቀለም አልቆበት
አንዱን ዐይን ተወው። ታዲያ ምን አለበት?»
የዓሣው ፋብሪካ ከስሯል፣ ከብዙ ዘመን በፊት፤
ማንን እንጠይቅ? ማንስ ያቁመን ፍርድ ቤት?
ማርሴል ሳቀ፤ ወይም ያለቀሰ መሰለኝ።

አጥሩን ነጭ ቀባሁት፤ ጎማው ጠፋ፣ ዘይቱ፣
ነጭ በነጭ ሆነ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፊቱ።
ሶፍትዌሩን ገዛሁ፣ በወር በወር ክፍያ፤
ማመልከቻው ግን አለ፣ ግማሹ ተጽፎ፣ በመሳቢያ።

ትናንት ሌሊት ስነዳ፣ በመጨረሻው ዙር፣
ፍሬን አዘገየሁ፤ ኩርባው ላይ ስዞር፣
በውስጥ በኩል አንዷ፣ ጭቃ እየረጨች፣
ነበልባሏን ለብሳ ጥላኝ ተፈተለከች።
ኮርዊን ይሁን፣ ከሱ የገዛ ሌላ፣ አላወቅሁም፤
ያን ያህል ቀርቤ የራሴን ጀርባ አይቼ አላውቅም፦
በፍሬን መብራቷ ቅላት፣ ከፓራውልቷ ሥር፣
አለች ጰ፣
እንደ ድንጋይ ጭረት።
ማርሽ ቀየርኩና ተከተልኳት።