ሆድና ድልድይ

ስሟ ሆደሊቨ ነው። በብሩዥ ቦይ ዳር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣
ድልድይ ስታነሣ፣ ድልድይ ስታወርድ የኖረች ሴት።
በእኛ ጆሮ ሲገባ ስሟ ከ«ሆድ» ይነሣል፤
እሷ ይህን አታውቅም፤ ማን መጥቶ ያስረዳታል?
ጡረታ ስትወጣ ድልድዩን ማሽን ወረሰው፤
እሷን ደግሞ ፍሊፕ ወረሳት፣ ጥንቸሉ፣ ጆሮ ረጅሙ ሰው።

ጥር ነው። ሌሊት ነው። ውርጭ መስኮቱን ሸፍኗል።
ድርቆሽ ሲንኮሻኮሽ ይሮጥ የነበረው ዛሬ ጥጉን ይዟል።
ወገቡን አጉብጦ፣ ዓይኑን ግማሽ ከድኖ፣
እንዳኮረፈ ሽማግሌ በራሱ ተሸፍኖ፣
ጥርሱን ያፋጫል።
ጆሮው ቀዝቅዟል።
ከማታ ጀምሮ በሣጥኑ ውስጥ
አንዲት የለችም በጠጥ።

ሰው «ሆዴን!» ሲል ጎረቤት ይቀሰቅሳል፤
የታዳኝ ዘር ግን ሕመሙን እንደ ጥፋት ይደብቃል፤
ቀበሮ የሚመርጠው ያቃሰተውን ነው፤ ይህን ከደሙ ያውቃል።
ሆድ ይፍጀው ብሎ ይቀመጣል።

ይህን ዝምታ ታውቀዋለች። ባሏ ኦሜር እንዲሁ ነበር፤
«ትንሽ ነፋስ ነው» እያለ፣ ቀበቶውን ከቀዳዳ ቀዳዳ ሲያሻግር፣
ክረምቱን አሳለፈ። ሐኪም ፊት የቀረበ ለታ
ሐኪሙ አንገቱን ሰበረ፤ ለመናገር አመነታ።

ስልክ ደወለች። ዶክተር አኑክ፣ እንቅልፍ ባልለቀቀው ድምፅ፦
«ሆዱን ንኪው፣ በቀስታ። ከበሮ ነው ወይስ ሊጥ?»
«ሊጥ... አይ፤ ከበሮ መሆን ያማረው ሊጥ።»
«እንግዲያው አትሺው። የሰው መድኃኒት እንዳትሰጪው።
የሙቅ ውሃ ላስቲክ በፎጣ ጠቅልለሽ ከጎኑ አድርጊው፣
አሁኑኑ አምጪው።
ለጥንቸል አንጀት ነገ የሚባል ቀን የለም፤
እንደ ወፍጮ ነው፤ ከቆመ በራሱ አይነሣም።»

ሣጥን ባለው ብስክሌት፣ በኮብልስቶኑ ላይ እየተጠነቀቀች፣
በየጉድጓዱ «ይቅርታ፣ ፍሊፕ» እያለች፣
ሊነጋ ሲል ከድልድዩ ደረሰች።
ተነሥቷል።
ቀይ መብራት በርቷል።
አሸዋ የጫነ ጀልባ፣ የማንም ሆድ ያልታመመ ይመስል፣ ያዘግማል።
ሠላሳ አንድ ዓመት ያስቆመቻቸው ሰዎች
በልባቸው ምን ይሏት እንደነበር አሁን አወቀች።

እጇን ከፎጣው ሥር ሰደደች። ጸጥ።
አንጀትም ቦይ ነው፣ አለች ለራሷ፤ የሚኖረው ሲያሳልፍ ነው፤
አንዱ ጀልባ ከተሰነቀረ የኋላው ሁሉ እንደቆመ ነው።
የሚገፋው ሣር ነው፤ ሻካራ ድርቆሽ፣ ቀን ከሌት፤
ውሃ ነው፤ ከጥግ እስከ ጥግ መሮጥ ነው፣ በቤት፤
ፀጉሩ ሲረግፍ ማበጠር ነው፣ ልሶ ሳይውጠው።
አዲስ ቅጠልም ቢሆን፣ እንደ አዲስ ሠራተኛ፣ ቀስ በቀስ እያለማመዱ።
ይህን ሁሉ አድርጋለች። ታዲያ ምን ገባ በሆዱ?

ብስኩት!
የጎረቤቷ ልጅ፣ የሎዊ ኪስ፤
ትናንት ሲወጣ ፍርፋሪ ሲያራግፍ ነበር ከልብስ።

መርፌ። የሕመም ማስታገሻ። ከቆዳ ሥር ውሃ።
በራጁ ላይ ነፋሱ እንደ ጥቁር ፊኛ ተነፍቶ ታየ።
«አልተዘጋም» አለች አኑክ፣ «መንገዱ ነው የዘገየ።»
ከዚያ መጠበቅ፤ ድልድይ ጠባቂ የሚያውቀው ሥራ።
ረፋድ ላይ ከፎጣው ውስጥ ጉርር አለ፣ እንደ ሩቅ ሞተር።
ቀጥሎ፣ አንዲት በጠጥ፤
ጥቁር፣ ደረቅ፣ ከምስር የማትበልጥ።
ሆደሊቨ በመዳፏ ይዛ ወደ ብርሃን አነሣቻት፤
አንጥረኛ ወርቁን እንዲያ አይቶት አያውቅም፤ አለቀሰችላት።

ከሰዓት ሎዊ በሩ ላይ ቆመ፣ ከንፈሩን ነክሶ።
ያንን ዝምታ አወቀችው።
«አውጣው» አለችው፣ «እዚህ ቤት ዝም ማለት ቀርቷል።»
«ሁለት ብስኩት።» ቆየና፣ «ሦስት።»
ድርቆሽ አስያዘችው። ፍሊፕ መጣ፣ አሸተተ፣
አንዲት ዘለላ መርጦ ጎተተ።

ማታ ብቻዋን ስትሆን ቀበቶዋን ፈታች።
ቀዳዳዎቹን ቆጠረች።
ስልኩን አነሣች።
«ሐኪም ቤት ነው? ጥንቸሌ አይደለም፤ እሱስ ደኅና ነው፤ ይበላል።
እኔ ነኝ። ከመስከረም ጀምሮ፣ እዚህ ጋ፣ ይወጋኛል።»